የፊት ሎደር ለተገጠመለት ትራክተር የኋላ ማመዛዘኛ ክብደት አመራረጥና አዘገጃጀት

ትልቅ ድንጋይ በዲጂኖ ፈንቅሎ የሚያውቅ ሰው፣ ሎደር (ከፊት በሁለት ክንዶች ባኬት የሚባለውን መዛቂያ የሚያነሣ መሣሪያ) የተገጠመለት ትራክተር ጭነት ሲያነሣ ኋላው ለምን እንደሚቀልል ለመረዳት አይቸገርም። ዲጂኖው የሚደገፍባት ትንሽ ድንጋይ በትራክተሩ ላይ የፊት አክስል፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ፣ ናት። ከአክስሉ ፊት ለፊት በባኬት የተዛቀው አሸዋ ወይም ፍግ ወደ ታች በተጫነ መጠን፣ ከአክስሉ በስተኋላ ያለው የትራክተሩ አካል ወደ ላይ ይፈነቀላል፤ የሎደሩ ክንድ ወደ ፊት በተዘረጋ ቁጥር ደግሞ ያው ጭነት የበለጠ ጉልበት ያገኛል። ይህን ፍንቀላ ለመመከት ከኋላ የሚጨመረው ክብደት በባለሙያዎች ዘንድ ባላስት ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍም ባላስት ወይም ማመዛዘኛ እያልን እንጠራዋለን።

ስለ ባላስት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ይበቃል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መቅደም ያለበት ሌላ ነው፤ ምክንያቱም እኩል ኪሎ ያለው ክብደት የተቀመጠበት ቦታ ሲለያይ የሚሰጠው አገልግሎትም ይለያያል። በጎማዎች ውስጥ የገባ 600 ኪሎ ውኃ የማይወጣውን ሥራ፣ ከኋላ አክስሉ ጥቂት ርቆ የተንጠለጠለ 480 ኪሎ ኮንክሪት ይወጣዋል። ይህን ከታች በስሌት እናሳያለን።

ኋላው ሲቀልል የሚደርሰው

በአብዛኞቹ ትናንሽና መካከለኛ የእርሻ ትራክተሮች ላይ የእግር ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። በእነዚህ ጎማዎች ላይ ያረፈው ክብደት ከቀነሰ፣ ፍሬኑ በትክክል ቢሠራ እንኳ ጎማዎቹ መሬቱን የሚቆነጥጡበት ኃይል ስለሌላቸው ትራክተሩ ቁልቁለት ላይ ጎማው ታስሮ ይንሸራተታል። ባለ አራት ጎማ አንቀሳቃሽ ትራክተር ያለው ሰው በሎደር ሥራ ላይ፣ በተለይም በተዳፋት ቦታ፣ የፊት ጎማዎቹን አንቀሳቃሽ እንዳይነቅል የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፊትና ኋላው በማርሽ ተያይዘው ሲቆዩ የፍሬኑ ኃይል ወደ ፊት ጎማዎችም ይደርሳል።

ሁለተኛው ጉዳት ብዙም የማይታወቅና ብዙ ሰው የሚጎዳ ነው። የትራክተር የፊት አክስል በመካከሉ ባለ አንድ ፒን ላይ የተንጠለጠለና ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወዛወዝ በመሆኑ፣ ትራክተሩን ወደ ጎን ከመገልበጥ የመከላከል አቅሙ ውስን ነው። ስለዚህ ትራክተሩ አራት ጎማ ቢኖረውም አቋቋሙ የባለ ሦስት እግር በርጩማ ነው፤ ሁለቱ እግሮች የኋላ ጎማዎች፣ ሦስተኛው ደግሞ ያ ፒን ነው። በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ አንዱ እግር ተጠግቶ ጎንበስ ቢል በቀላሉ ወደ ጎን እንደሚወድቅ ሁሉ፣ የትራክተሩም የክብደት ማዕከል በባኬቱ ጭነት ተስቦ ወደ ፒኑ ሲጠጋ አንድ ጉድጓድ ወይም አንድ ጉብታ ለመገልበጥ ይበቃዋል። ባኬቱ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል።

ሦስተኛው ጉዳት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። ከኋላ የተፈነቀለው ክብደት በሙሉ የሚያርፈው በፊት አክስሉ ላይ ስለሆነ ኩሽኔታዎቹ፣ የመሪው መገጣጠሚያዎች፣ የፊት ጎማዎቹና የአክስሉ ፒን ያለ ጊዜያቸው ይበላሉ። መሪው ሲከብድ ኦፕሬተሩ የመሪውን ፓምፕ ይወቅሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከኋላ መኖር የሚገባው ክብደት አለመኖሩ ነው።

ደረጃ 1፦ ከፊት ያለውን ትርፍ ክብደት ማውረድና ገደቦችን መመዝገብ

ለማረሻ ሥራ የተዘጋጁ ብዙ ትራክተሮች ከራዲያተሩ ፊት የተደረደሩ የብረት ክብደቶች አሏቸው። እነዚህ የተሠሩት ከኋላ የተንጠለጠለ ማረሻ ፊቱን እንዳያነሣው ነው፤ ሎደር ከተገጠመ በኋላ ግን በተጫነው የፊት አክስል ላይ ተጨማሪ ሸክም ይሆናሉ። ስለዚህ ስለ ኋላው ከማሰብ አስቀድሞ እነርሱን ማውረድ ይገባል። በፊት ጎማዎች ውስጥ ውኃ ከተሞላም እንዲሁ ይወጣል።

ቀጥሎ ከትራክተሩና ከሎደሩ አምራቾች የመመሪያ መጽሐፍ አምስት ቁጥሮች ይመዘገባሉ፦ የባዶ ትራክተሩ ክብደት፣ የፊት አክስል የመሸከም ገደብ፣ የኋላ አክስል የመሸከም ገደብ፣ የጎማዎቹ የመሸከም አቅም ከአየር ግፊታቸው ጋር፣ እንዲሁም የኋላ ማንሻው (የእርሻ መሣሪያ በሁለት የታች ክንዶችና በአንድ የላይኛ ማያያዣ የሚንጠለጠልበት ሦስት ነጥብ ማያያዣ) የማንሣት አቅም። የመጨረሻው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚለካው ከታች ክንዶቹ ጫፍ 610 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ርቆ ባለ ነጥብ ላይ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሎደሩ አምራች ለዚያ የትራክተር ዓይነት ይህን ያህል ባላስት ያስፈልጋል ብሎ ከጻፈ ያ ቁጥር ከማንኛውም ስሌት ይቀድማል። ሎደሩ በጋራዥ የተሠራ ወይም ከሌላ ትራክተር ተፈትቶ የመጣ ከሆነ ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስለማይኖር ቀጣዮቹ ደረጃዎች አይታለፉም።

ደረጃ 2፦ ትራክተሩን በምድር ሚዛን መመዘን

ሎደሩ ተገጥሞ፣ ባኬቱ ባዶ ሆኖ፣ የነዳጁ ታንክ ሞልቶና ክንዶቹ አግድም ተዘርግተው ሳለ ትራክተሩ የጭነት መኪና ወደሚመዘንበት የምድር ሚዛን ይወሰዳል። ክንዶቹ የሚዘረጉት ሚዛኑ ላይ ከተቆመ በኋላ ነው፤ በመንገድ ላይ ግን ባኬቱ ዝቅ ብሎ ይጓዛል። በመጀመሪያ የፊት ጎማዎቹ ብቻ ሚዛኑ ላይ ወጥተው ይመዘናሉ፤ ከዚያ ትራክተሩ በሙሉ፤ በመጨረሻም የኋላ ጎማዎቹ ብቻ። የፊትና የኋላው ድምር ከጠቅላላው ጋር በጥቂት አሥር ኪሎዎች ውስጥ ካልተቀራረበ፣ ከሚዛኑ ውጪ የቀሩት ጎማዎች የቆሙበት መሬት ከሚዛኑ ወለል ጋር እኩል ስላልሆነ ልኬቱ ይደገማል። ለዚህ ሥራ የሚከፈለው ገንዘብ ከአንድ የፊት ኩሽኔታ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ሆኖም ከሁሉ በላይ የሚዘለለው ደረጃ ይኸው ነው።

ደረጃ 3፦ ርቀቶችንና ጭነቱን መለካት

ሦስት ርቀቶች በሜትር ይለካሉ። የመጀመሪያው ከፊት ጎማ መካከል እስከ ኋላ ጎማ መካከል ያለው ነው። ሁለተኛው ከፊት አክስል መካከል እስከ ባኬቱ ሆድ መካከል ያለው ነው፤ ይህም ክንዶቹ አግድም ሲሆኑ ይለካል፤ ምክንያቱም ጭነቱ ከትራክተሩ በጣም የሚርቀው ባኬቱ መሬት ላይ ወይም ከላይ ጫፍ ሲደርስ ሳይሆን በመካከለኛው ከፍታ ሲያልፍ ነው። ሦስተኛው ከኋላ አክስል መካከል እስከሚንጠለጠለው ክብደት መካከል ያለው ሲሆን፣ ማመዛዘኛው ገና ያልተሠራ ከሆነ እስከ ታች ክንዶቹ ጫፍ ያለው ተለክቶ የማመዛዘኛው ግማሽ ውፍረትና ጥቂት ክፍተት ይጨመርበታል።

የጭነቱ ክብደት የሚገመተው በባኬቱ ይዘት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ 1,600 ኪሎ ገደማ ሲመዝን ውኃ የጠጣው ወደ 1,900 ይጠጋል፤ ከጭድ ጋር የተደባለቀ ፍግ ግን እንደ እርጥበቱ ከ600 እስከ 900 ኪሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፍግ ሲያነሣ የከረመ ትራክተር ዝናብ ባገኘው አሸዋ ላይ ሲሰማራ ባኬቱ እዚያው ቢሆንም ጭነቱ ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ለስሌቱ የሚወሰደው ሁልጊዜ ከሚነሡት ነገሮች ሁሉ ከባዱ ነው።

ደረጃ 4፦ ስሌቱ

የእርሻ መሣሪያ አምራቾች በመመሪያ መጽሐፎቻቸው የሚያወጡት የተለመደ መለኪያ አለ። ትራክተሩ ከፊት ሲሸከም፣ የትራክተሩ አምራች ሌላ ቁጥር ካልሰጠ በስተቀር፣ በኋላ አክስሉ ላይ ቢያንስ የባዶ ትራክተሩ ክብደት 45 በመቶ ሊቀር ይገባል፤ ከኋላ ሲሸከም ደግሞ መሪው እንዲታዘዝ በፊት አክስሉ ላይ ቢያንስ 20 በመቶ መቅረት አለበት። ለሎደር ትራክተር ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ የመጀመሪያው ባኬቱ ሲሞላ፣ ሁለተኛው ባኬቱ ባዶ ሆኖ ባላስቱ ብቻ ከኋላ ሲንጠለጠል። በእነዚህ ላይ የሁለቱ አክስሎች የመሸከም ገደብ ይታከላል።

ነገሩ በምሳሌ ይሻላል። ባዶ ክብደቱ 2,900 ኪሎ የሆነ ትራክተር እንውሰድ፤ ሎደር ተገጥሞለት ሲመዘን በፊት አክስሉ ላይ 1,750፣ በኋላ አክስሉ ላይ 1,700 ኪሎ አሳየ እንበል። በአክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት 2.2 ሜትር፣ ከፊት አክስል እስከ ባኬቱ መካከል 1.7 ሜትር ነው። የፊት አክስሉ ገደብ 2,900 ኪሎ ነው። በባኬቱ የሚነሣው እርጥብ አሸዋ 800 ኪሎ ይመዝናል።

ጭነቱ ከኋላ የሚፈነቅለው ክብደት የሚገኘው ጭነቱን በባኬቱ ርቀት አባዝቶ በአክስሎቹ ርቀት በማካፈል ነው፤ 800 ሲባዛ በ1.7፣ ሲካፈል ለ2.2፣ ውጤቱ 618 ኪሎ ይሆናል። በመሆኑም በኋላ አክስሉ ላይ የሚቀረው 1,082 ኪሎ ብቻ ነው። የፊት አክስሉ ደግሞ ጭነቱን 800 እና የተፈነቀለውን 618 ተቀብሎ 3,168 ኪሎ ይሸከማል። የሚፈለገው የኋላ ክብደት የ2,900 45 በመቶ፣ ማለትም 1,305 ኪሎ ስለሆነ 223 ኪሎ ይጎድላል፤ የፊት አክስሉም ከገደቡ በ268 ኪሎ አልፏል።

አሁን ከኋላ አክስሉ 1.3 ሜትር ርቆ የሚንጠለጠል ክብደት ብናስብ፣ እያንዳንዱ ኪሎ ለኋላ አክስሉ የሚሰጠው 3.5 (ከፊት አክስሉ ያለው ርቀት፣ 2.2 ሲደመር 1.3) ለ2.2 ተካፍሎ፣ ማለትም 1.59 ኪሎ ነው። ትርፉ ከየት መጣ ቢባል ከፊት አክስሉ ላይ የተነሣ ነው፤ እያንዳንዱ የተንጠለጠለ ኪሎ ፊቱን በ0.59 ኪሎ ያቀልለታል። የኋላውን ጉድለት ለመሙላት ብቻ ቢሆን 140 ኪሎ ይበቃ ነበር። የፊት አክስሉን ወደ ገደቡ ለመመለስ ግን 268 ሲካፈል ለ0.59፣ ማለትም ወደ 454 ኪሎ ያስፈልጋል። ከሁለቱ የሚያዘው ትልቁ ነው። ለአሠራር እንዲመች 480 ኪሎ ብንወስድ፣ ባኬቱ ሞልቶ ሳለ ፊቱ 2,884፣ ኋላው 1,846 ኪሎ ይሸከማል። ባኬቱ ባዶ ሲሆን ፊቱ 1,466 ኪሎ ይቀረዋል፤ ይህም ከሚፈለገው 580 ኪሎ እጅግ የበለጠ ነው። በዚህ ጊዜ ኋላው 2,464 ኪሎ ስለሚሸከም ከኋላ አክስሉና ከጎማዎቹ ገደብ ጋር ይመሳከራል።

ይኸው ትራክተር የተንጠለጠለ ክብደት ትቶ በሁለቱ የኋላ ጎማዎቹ 600 ሊትር ውኃ ቢሞላስ? ኋላው 1,682 ኪሎ ይሆንና የመጀመሪያው መለኪያ በደንብ ይሟላል። የፊት አክስሉ ግን አሁንም 3,168 ኪሎ ይሸከማል፤ አንድ ኪሎ እንኳ አልቀለለም። ውኃው ያረፈው በኋላ አክስሉ ልክ ላይ ስለሆነ ወደ ኋላ የሚፈነቅልበት ክንድ የለውም። ኦፕሬተሩ ትራክተሩ ከመሬት እንደተጣበቀ ስለሚሰማው ሁሉ ነገር የተስተካከለ ይመስለዋል፤ ኩሽኔታውና ፒኑ ግን አሁንም ከገደብ በላይ እንደተጫኑ ናቸው።

የስሌቱ ውጤት ማንሻው ከሚያነሣው ወይም የኋላ አክስሉ ከሚሸከመው በላይ የሆነ እንደሆነ መልሱ ተጨማሪ ብረት መፈለግ አይደለም፤ ጭነቱን መቀነስ ወይም ትንሽ ባኬት መግጠም ነው።

ደረጃ 5፦ የማመዛዘኛውን ዓይነት መምረጥ

ከላይ ካየነው የተነሣ ቀዳሚው ምርጫ በሦስት ነጥብ ማያያዣው ላይ የሚንጠለጠል ክብደት ነው። ይህ ክብደት በደቂቃዎች ውስጥ ሊፈታ ስለሚችል በእርሻ ወቅት ትራክተሩ ያለ አንዳች ፋይዳ አፈር እየጠቀጠቀ አይዞርም። እንደ ሁኔታው የተዘጋጀ የኮንክሪት ሳጥን፣ በድንጋይና በቁርጥራጭ ብረት የሚሞላ የላሜራ ሣጥን ወይም ያለ የእርሻ መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ገበሬዎች እጃቸው ላይ ያለውን ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ለዚህ ይጠቀሙበታል። ክብደቱ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ረጅም ስለሆነም የክብደት ማዕከሉ ከአክስሉ ይርቅና የበለጠ ይረዳል። ይሁን እንጂ በጠባብ ግቢ ውስጥ ትራክተሩ ፊቱን ሲያዞር የማረሻው ጫፍ በሌላ አቅጣጫ ሰፊ ቅስት እየሠራ አጥር፣ ግድግዳ ወይም ሰው ይመታል፤ ኦፕሬተሩ ዓይኑን የሚጥለው ባኬቱ ላይ ነውና። በሰፊ ሜዳ ለአንድ ቀን ሥራ ማረሻው ይሁን፤ በየቀኑ ለሚሠራ ሎደር ግን አጭርና ድፍን ማመዛዘኛ ቢዘጋጅ የተሻለ ነው። ማረሻውን የመረጠ ሰው ደግሞ ከመሬት አንሥቶ ይያዘው። መሬት የነካ ማረሻ ክብደቱን ለመሬቱ አስረክቧል፤ ትራክተሩ ኋላው መነሣት ሲጀምር ነው ሸክሙ የሚመለስለት፣ ያን ጊዜ ደግሞ ዘግይቷል።

ሁለተኛው ምርጫ በጎማ ውስጥ የሚሞላ ውኃ ነው። ውኃ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ትራክተሩን ወደ ጎን ከመገልበጥ በመከላከል ረገድ ጥሩ ነው፤ ተዳፋት በበዛበት አካባቢ የተንጠለጠለው ክብደት እያለም ውኃ መጨመር ብልህነት ነው። ቁጥሩ 18.4-30 የሆነ ጎማ ሦስት አራተኛው ሲሞላ 300 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሲሞላ የኋላው አክስል በክሪክ ተነሥቶ በማያንሸራትት ድጋፍ ላይ ይቀመጣል፤ ቫልቩ ወደ ላይ፣ በሰዓት ቆጣሪ አሥራ ሁለት ቁጥር ባለበት አቅጣጫ ይዞራል፤ የቫልቩ ልብ ተነቅሎ ውኃው እየገባ በመካከሉ አየሩ እንዲወጣ ይደረጋል። ውኃው ቫልቩ ጋ ሲደርስ ወደ 75 በመቶ ሞልቷል ማለት ነው፤ ከዚያ አየር ይጨመራል። ይህ ለተለመደው ጎማ ነው፤ በቁጥሩ መካከል የራዲያል ምልክት (R) ያለበት ጎማ ግን ጎኑ እንዲተጣጠፍ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ከ40 በመቶ በላይ ባይሞላ ይመረጣል።

በቀዝቃዛ አገሮች የተጻፉ መመሪያዎች ውኃው እንዳይረጋ ካልሲየም ክሎራይድ የተባለውን ጨው መጨመር ያዛሉ፤ ጨው ያለው ውኃ ክብደቱም ይጨምራል። በኢትዮጵያ ግን፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት የደብረ ብርሃን አካባቢ እንኳ፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሚቆይ መቶዎች ሊትር ውኃ የሚያረጋ አይደለም። ጨው ቸርኬውን ስለሚበላ ንጹሕ ውኃ ይበቃል። ጎማው ቢቀደድ ግን ውኃ መኖሩን ለጎሚስታው አስቀድሞ መንገር ግዴታ ነው፤ ከነውኃው ከ400 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጎማ ሲፈታ ቢወድቅ በእጅ የሚያዝ አይደለም።

በቸርኬው ላይ የሚታሰሩ የብረት ክብደቶች ሥራቸው ከውኃው ጋር አንድ ነው፤ ጎማውን አያደነድኑም፣ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው።

አንድ «ባላስት» ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ኋላው ሲነሣ አንድ ሁለት የቀን ሠራተኞች ከኋላ ክንዶቹ ላይ ወይም ማረሻው ላይ እንዲቆሙ ማድረግ በየቦታው የሚታይ ልማድ ነው። ትራክተሩ በድንገት ሲዘል መጀመሪያ የሚወድቁት እነርሱ ናቸው፤ የሚወድቁትም ከጎማው ሥር ነው።

ደረጃ 6፦ የኮንክሪት ሳጥን መሥራት

የኮንክሪት አንድ ሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በምሳሌያችን ለተገኘው 480 ኪሎ 0.2 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፤ ይህም ወርዱ 80፣ ቁመቱ 50፣ ውፍረቱ 50 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን ነው። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜልም ይኸንኑ ያህል ይመዝናል፤ ነገር ግን ጠባብ ስለሆነ የታች ክንዶቹ ጋ ለመድረስ ዘንጉ ከሁለቱም ጎን ረዝሞ መውጣት አለበት፤ ረዝሞ የወጣ ዘንግ ደግሞ ይጎብጣል።

ሳጥኑ ከላሜራ ተበይዶ ይሠራል፤ ላሜራው ከኮንክሪቱ ጋር አብሮ ይቀራል። ከታችኛው ጫፍ በላይ ከአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው የሚወጣ አንድ ወጥ የብረት ዘንግ ይገባል። በሁለት አጫጭር ቁርጥራጮች መተካት ለመበየድ ቢቀልም፣ ሸክሙን በሙሉ ለብየዳው ስለሚተወው አይመከርም። ምድብ ሁለት ለሚባለው፣ በመካከለኛ ትራክተሮች ላይ ለሚገኘው ማያያዣ የታችኛው ፒን 28 ሚሊሜትር፣ የላይኛው 25 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ ለምድብ አንድ ደግሞ 22 እና 19 ሚሊሜትር ነው። የላይኛው ማያያዣ የሚገባበት ጆሮ ከዘንጉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ለማወቅ ከሁሉ የሚቀለው በዚያው ትራክተር ላይ ከሚገጠመው ማረሻ ልክ መውሰድ ነው። ጆሮዎቹ በኮንክሪቱ ውስጥ እስከ ዘንጉ ወርደው ከዘንጉ ጋር ይበየዳሉ፤ ሳጥኑ ውስጥ የፌሮ ቅርጫት ይታሰራል።

ድብልቁ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ አራት ጠጠር ቢሆን ይበቃል፤ ለዚህ መጠን አንድ ከረጢት ተኩል የማይሞላ ሲሚንቶ ይፈጃል። ኮንክሪቱ ሲሞላ አየር እንዳይቀርበት በፌሮ ይጠቀጠቃል፤ ለሰባት ቀናት ውኃ ይጠጣል፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚይዘው ግን በ28 ቀን ነው። ገና ሳይሞላ አንድ ሁለት የፕላስቲክ ቱቦ ቀጥ ብሎ ቢቆምበት፣ በኋላ አካፋና ዲጂኖ መሰኪያ ይሆናል። ከሥሩ ደግሞ ተፈትቶ ሲቀመጥ የማያጋድል ሰፊ እግር ያስፈልገዋል። ጋሪ መጎተቻ ቀለበት ግን በሳጥኑ ላይ አይበየድ፤ ከኋላ አክስሉ በላይ በሚገኝ ነጥብ መጎተት ትራክተሩን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል።

ደረጃ 7፦ መግጠምና መፈተን

ሳጥኑ ከተገጠመ በኋላ የታች ክንዶቹን ወደ ጎን እንዳይወዛወዙ የሚይዙት የጎን ሰንሰለቶች ይጠብቃሉ፤ ግማሽ ቶን የሚጠጋ ክብደት ወደ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ትራክተሩን ከመርዳት ይልቅ ያውከዋል። በሥራ ላይ የሳጥኑ ሥር ከመሬት 30 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ቢል በቂ ነው። የፊት ጎማዎቹ አየር በአምራቹ ሠንጠረዥ መሠረት ለሎደር ሥራ ወደተጻፈው ግፊት ከፍ ይላል። የኋላ ጎማዎቹ ወደ ውጭ መስፋት የሚችሉ ከሆነም ይሰፋሉ፤ የበርጩማው ሁለት እግሮች በተራራቁ ቁጥር መቀመጫው ይጸናልና።

ፈተናው በጠፍጣፋና ጠንካራ መሬት ላይ፣ ቀበቶ ታስሮና የመገልበጥ መከላከያው ብረት ቆሞ ይደረጋል። በግማሽ ባኬት ተጀምሮ፣ ባኬቱ ከመሬት ጥቂት ብቻ ተነሥቶ፣ በዝግታ ተነድቶ ፍሬን ይያዛል። የኋላ ጎማዎቹ ጥርሶች በመሬቱ ላይ ጥርት ያለ አሻራ መተው አለባቸው፤ ጎማው ፍሬን ሲያዝ ከተንሸራተተ ወይም ሲነሣ በቦታው ከዞረ ክብደቱ ገና አልበቃም። ሙሉ ባኬት ሲነሣ ክንዶቹ አግድም የሚሆኑበት ቅጽበት በተለይ ይጤናል፤ ስሌቱ የተሠራው ለዚያች ቅጽበት ነው። የሚቻል ከሆነ በዚሁ ሁኔታ ወደ ምድር ሚዛኑ ተመልሶ ሁለቱን አክስሎች መመዘን ጥርጣሬውን ሁሉ ይዘጋል። ስሌታችን የቆመ ትራክተርን የሚመለከት ስለሆነ፣ በፍጥነት እየተነዱ ጉድጓድ መግባት ወይም የሚወርድ ባኬትን በድንገት ማቆም ጭነቱን ለቅጽበት እንደሚያከብደው አይዘነጋ።

በተዳፋት ላይ ከባዱ ጎን ሁልጊዜ ወደ ሽቅቡ ይሁን። የተሞላ ባኬት ይዞ ዳገት የሚወጣው ፊት ለፊት ነው፤ ቁልቁለት የሚወርደው ደግሞ በኋላ ማርሽ ነው። ባኬቱ ባዶ ሆኖ ባላስቱ ከተንጠለጠለ ከባዱ ጎን ኋላው ስለሚሆን፣ በጣም ቀጥ ያለ ዳገት በኋላ ማርሽ ቢወጣ ይሻላል። ተዳፋትን አቋርጦ ወደ ጎን መሄድና ባኬት ከፍ አድርጎ መዞር በየትኛውም ባላስት አይካካስም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ማብቂያ ላይ ዘንጉ የገባበት ብየዳ ተሰንጥቆ እንደሆነ ይታያል፣ ፒኖቹም ይፈተሻሉ፤ ከዚያ በኋላ በየዘይት ለውጡ ይደገማል። ሳጥኑ ሲፈታ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። መጀመሪያ ባኬቱ ባዶ ሆኖ መሬት ላይ ያርፋል፤ ቀጥሎ ሳጥኑ በጠንካራና ጠፍጣፋ ቦታ በእግሩ ላይ ይቀመጣል፤ ሞተሩ ጠፍቶ የእጅ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የላይኛው ማያያዣ፣ በመጨረሻም ሁለቱ የታች ክንዶች ይላቀቃሉ። ሲገጠም ደግሞ ሳጥኑ ታስሮ እስኪነሣ ድረስ ባኬቱ ከመሬት አይላቀቅም።